ሦስት ቅጂ፣ አንድ ትዕዛዝ፦ አንድ ፎልደር ከሦስት ቦታ የጠፋበት ጉዳይ

እህቴ የደወለችልኝ ሐሙስ ማታ ነው። "ያ የቃለ መጠይቅ ፎልደር የት ገባ?" አለችኝ። ድምጿ ገና የተረጋጋ ነበር። ምናልባት ሌላ ቦታ አዛውሬው ይሆናል ብላ ነው ያሰበችው። እኔም አልደነገጥኩም። "አይዞሽ፣ ሦስት ቦታ ተቀምጧል" አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት። ኮምፒውተሯን ያዘጋጀሁላት፣ ባክአፑንም የሠራሁላት እኔ ነኝ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስቱንም ቦታ አይተን ጨርሰን ነበር። በሦስቱም የለም።

ታሪኩን ከነስህተቴ እስከ መጨረሻው እጽፈዋለሁ። ምክንያቱም እኛ ጋ የተበላሸ ዕቃ አልነበረም። ዲስክ አልተቃጠለም፣ ቫይረስ አልገባም፣ ኮምፒውተር አልተሰረቀም። ሶፍትዌሮቹ በሙሉ የታዘዙትን በትክክል ሠርተዋል። ፋይሎቹ የጠፉትም በዚሁ ነው።

ምን ነበር የተቀመጠው?

እህቴ ተመራማሪ ናት። ለዓመታት አዛውንቶችን እየዞረች አነጋግራለች። ድምፃቸውን ትቀዳለች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ቃል በቃል ትተይበዋለች። የአንድ ሰዓት ቀረጻ ለመተየብ ሙሉ ቀን የሚፈጅባት ጊዜ አለ። ፎልደሩ ውስጥ 163 ፋይሎች ነበሩ። 61ዱ የድምፅ ቀረጻ፣ 78ቱ የተተየቡ የዎርድ ጽሑፎች፣ 24ቱ ደግሞ ስካን የተደረጉ የፈቃድ ቅጾች ናቸው። ሁሉም ተደምሮ ወደ 20 ጊጋባይት ይሆናል። ካነጋገረቻቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። እነሱን መልሶ መጠየቅ አይቻልም።

ዋናው ሥራዋ ዴስክቶፕ ላይ ነው። "ሥራ" የሚባል አንድ ትልቅ ፎልደር አላት፤ ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ ነው። ይህ ፎልደር በአንድ የክላውድ አገልግሎት በኩል ከላፕቶፗ ጋር ሲንክ ይደረጋል። ጠዋት ዴስክቶፕ ላይ የጀመረችውን ማታ ላፕቶፕ ላይ ትቀጥላለች። ከዚህ ሌላ ዴስክቶፑ ላይ ሁልጊዜ የተሰካ 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለ። በየማታው 3 ሰዓት አንድ የማመሳሰያ ሶፍትዌር ራሱ ተነስቶ "ሥራ"ን ወደዚህ ዲስክ ይገለብጣል። የገለበጣው ዓይነት ሚረር የሚባለው ነው።

ሚረር መስታወት ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ምንጩ ላይ አዲስ ፋይል ከመጣ መድረሻው ላይ ይጨመራል። የተለወጠ ካለ ይተካል። ከምንጩ የጠፋ ካለ ደግሞ ከመድረሻውም ይጠፋል። ዊንዶውስ ላይ ያለው ሮቦኮፒ የሚባል የመገልበጫ ፕሮግራም በሚረር ትዕዛዙ፣ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው የሚገለገልበት አርሲንክ የሚባለውም በዲሊት ትዕዛዙ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። ሁለት ፎልደሮችን እኩል ማድረግ ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

እኛ የተጠቀምንበት ሶፍትዌር አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። ከመድረሻው ላይ የሚነሳውን ፋይል ምን ላድርገው? ወደ ሪሳይክል ቢን ልላከው፣ ቀን ጽፌ ለብቻ ፎልደር ላስቀምጠው፣ ወይስ ጨርሼ ላጥፋው? ያን ጊዜ ሦስተኛውን መረጥኩ። ዲስኩ በአሮጌ ፋይል እንዳይጨናነቅ ብዬ ነው። የሶፍትዌሩን ስም ያልጠራሁት ለዚህ ነው። ጥፋቱ የሱ አይደለም።

ያኔ በጣም ተማምኜ ነበር። ፒተር ክሮግ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋውን የ3-2-1 ደንብ አውቀዋለሁ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ። ዴስክቶፕ፣ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ክላውድ። በወረቀት ላይ ቆጥራችሁ ብትመጡ አንድም አይጎድልም።

ሰኞ ማታ

የሆነውን ነገር የደረስንበት ሎጉን አንብበን ነው። ሎግ ማለት ሶፍትዌሩ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበት የጽሑፍ ፋይል ነው። እህቴ ከደወለችበት ሐሙስ 38 ቀን ወደ ኋላ ስንሄድ አንድ ሰኞ ላይ ደረስን።

የዚያን ቀን ላፕቶፗ ዲስኩ ሞልቶ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣባት ነበር የዋለው። ቦታ የያዘው ምን እንደሆነ ስታይ የቃለ መጠይቁ ፎልደር ሆነ። ቀኝ ክሊክ አደረገች። እዚያ ሜኑ ላይ ሁለት ትዕዛዞች አሉ። አንደኛው "ቦታ አስለቅቅ" የሚል ነው፤ ፋይሉን ከላፕቶፑ ያነሳና ስሙን ብቻ ይተዋል፤ ፋይሉ ክላውድ ላይ ይቆያል። ሁለተኛው "ሰርዝ" ነው። እሷ የመጀመሪያውን አታውቀውም። "ዋናው ዴስክቶፕ ላይ አለ፤ ከላፕቶፑ ብቻ ላንሳው" ብላ ሰርዝን ነካች። ፋይሎቹ ከሁሉም መሣሪያዎች ላይ ይጠፋሉ የሚል መስኮት ወጣ። እሺ አለችው። ከዚያ የፈለገችው ቦታ ስለሆነ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረገች።

በዚህ እህቴን ልወቅሳት አልችልም። በቀን ስንት መስኮት እሺ ይባላል? ደግሞም አስተሳሰቧ ትክክል ነው። ኮፒ ነው ብላ የምታስበውን ነገር ነው ያነሳችው። ሲንክ የተደረገ ፎልደር ግን ዋናና ኮፒ የለውም። በሁሉም ቦታ ያለው አንድ ፎልደር ነው፤ በአንዱ በር ገብታችሁ የነካችሁት በሌላውም በር ይነካል። ይህን ላስረዳት ይገባኝ የነበረው እኔ ነኝ፤ አላስረዳሁም።

ከምሽቱ 12፡41 ላይ ከላፕቶፑ ተሰረዘ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ክላውዱ ትዕዛዙን ለዴስክቶፑ አቀበለ፤ ዴስክቶፑም ሰረዘ። ማታ 3 ሰዓት ላይ የማመሳሰያው ሶፍትዌር እንደ ልማዱ ተነሳ። ምንጩን አየ፤ ፎልደሩ የለም። መድረሻውን አየ፤ አለ። መስታወት ነውና እኩል አደረጋቸው። ከመጀመሪያው ክሊክ እስከ መጨረሻው ቅጂ መጥፋት 2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ።

ሎጉ ላይ ያለውን መስመር አልረሳውም። "የተሰረዙ፦ 163" ይላል። ከሱ ሥር በአረንጓዴ "ያለ ስህተት ተጠናቋል"። እኔ ያንን አረንጓዴ ምልክት በየሳምንቱ አየው ነበር። ቁጥሩን ግን አንብቤው አላውቅም። ቀለሙን ነበር የማየው።

ከ38 ቀን በኋላ

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ክላውዱ የቆሻሻ ሳጥን ነው። ባዶ ነው። የተሰረዘ ፋይል እዚያ የሚቆየው 30 ቀን ነው። ይህ የአንድ አገልግሎት ጉዳይ አይደለም፤ ጉግል ድራይቭም፣ የግል ዋንድራይቭም፣ ነፃው ድሮፕቦክስም የሚያቆዩት 30 ቀን ነው። እኛ የመጣነው በ38ኛው። ስምንት ቀን ዘግይተናል።

የዴስክቶፑን የውስጥ ዲስክ ተስፋ አላደረግኩበትም። ኤስኤስዲ ነው፤ የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ። ኤስኤስዲ ላይ ፋይል ሲሰረዝ ዊንዶውስ ትሪም በሚባል ትዕዛዝ "ይህ ቦታ አያስፈልገኝም" ብሎ ለዲስኩ ይነግረዋል። ዲስኩም በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። ከ38 ቀን በኋላ እዚያ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

የቀረው ኤክስተርናሉ ነው። እሱ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይለያል። በተራ ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሲጠፋ የሚለወጠው የፋይሎቹ መዝገብ ነው። "ይህ ቦታ ነፃ ነው" ተብሎ ይጻፋል እንጂ ውስጡ ያለው ነገር ወዲያው አይነካም። ሌላ ፋይል መጥቶ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው አለ። ኤስኤምአር ከሚባሉት አዳዲስ ሃርድ ዲስኮች አንዳንዶቹ እንደ ኤስኤስዲው ትሪም ስለሚቀበሉ ይህ ዕድል የላቸውም። የኛ ከነሱ አልነበረም።

ስለዚህ ስልክ ላይ እያለን ያልኳት የመጀመሪያ ነገር "ዲስኩን አሁኑኑ ንቀይው" ነው። ሰዓቱ ለማታው ገለበጣ ጥቂት ደቂቃ የቀረው ነበር። ያን ማታ አዲስ ነገር ቢጻፍበት ምን እንደምናጣ አናውቅም። ማንም ሰው ፋይል ጠፋብኝ ብሎ ሲደውልልኝ ዛሬም መጀመሪያ የምለው ይህንኑ ነው። ምንም አትጻፉበት። መመለሻ ሶፍትዌርም እሱ ዲስክ ላይ እንዳትጭኑ። የተመለሰውንም ፋይል እሱው ላይ እንዳታስቀምጡ።

በማግስቱ ከሱ የሚበልጥ ሌላ ዲስክ ይዤ ሄድኩ። ዲዲሬስኪው በሚባል ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ሙሉ ምስል አወጣሁ። ይህ ፋይል መገልበጥ አይደለም። ባዶ ተብሎ የተመዘገበውን ቦታ ጨምሮ ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ መጨረሻው እንዳለ ማንሳት ነው። አምስት ሰዓት ገደማ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ዋናውን ዲስክ አልነካነውም፤ የሠራነው ምስሉ ላይ ነው። ብንሳሳት እንደገና መጀመር እንድንችል።

ሁለት መንገድ ሞከርን። የመጀመሪያው የፋይሎቹን መዝገብ አንብቦ የተሰረዙትን ከነስማቸው ማግኘት ነው። የተወሰኑት ተገኙ፤ ብዙዎቹ ግን ስማቸው ሌላ ፋይል ተጽፎበታል። በ38 ማታ ውስጥ የገቡት አዳዲስ ፋይሎች ነፃ የሆነውን የመዝገብ መስመር ቀድመው ይይዛሉ። ስም ይሞታል፤ ይዘቱ ግን ዲስኩ ላይ ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ፎቶሬክ ነው። ስሙ የፎቶ ይምሰል እንጂ ብዙ ዓይነት ፋይል ያወጣል። መዝገቡን ትቶ ዲስኩን በቀጥታ ያነባል። እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት ሲጀምር የሚታወቅበት ምልክት አለው፤ ፎቶሬክ ያንን ምልክት እየፈለገ ያወጣል። ስምም ቀንም ፎልደርም የለውም። የሚያገኙት በቁጥር የተሰየመ የፋይል ክምር ነው። እኛ በሺዎች የሚቆጠር ፋይል ፊታችን ተደፋ።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር እዚህ ተገኘ። ሶፍትዌሩ የተለወጠ ፋይል ሲገለብጥ በአሮጌው ላይ አይጽፍም። አዲሱን በጎን ይጽፍና ሲጨርስ አሮጌውን ያነሳል። ስለዚህ እህቴ አንድን ጽሑፍ 11 ቀን እያረመች ከነበረ ዲስኩ ላይ 11 የተሰረዙ ቅጂዎች ሊኖሩ ይችላሉ። አንዳንዱ ቃለ መጠይቅ እንደዚያ እየተደጋገመ ተመለሰ። የትኛው ነው የመጨረሻው? ስም የለው፣ ቀን የለው።

መልሱ ከፋይሉ ሆድ ውስጥ ነበር። የዎርድ ፋይል በእውነቱ ዚፕ ነው፤ ከፍታችሁ ስታዩት ውስጡ ትናንሽ ፋይሎች አሉ። ከነሱ አንዱ ጽሑፉ ለመጨረሻ ጊዜ የታረመበትን ቀንና ሰዓት፣ ስንተኛ ጊዜ እንደተቀመጠም ይይዛል። አጭር ስክሪፕት ጽፌ ያንን ከሁሉም አወጣሁ። ከዚያ ደግሞ ከማመሳሰያው ሎግ ጋር አስተያየነው። ሎጉ የትኛው ፋይል በየትኛው ማታ እንደተገለበጠ ይናገራል። ሁለቱ ቀኖች ከገጠሙ የመጨረሻው ቅጂ ያ ነው። ቀለሙን ብቻ ሳየው የኖርኩት ሎግ እዚህ ጋ ባለውለታችን ሆነ።

የድምፁ ሥራ ግን ጆሮ ይጠይቃል። ቀረጻዎቹ ዋቭ ፋይሎች ናቸው። ዋቭ መጀመሪያው ላይ ርዝመቱን ይጽፋል፤ ስለዚህ ሙሉ መሆኑን መጠኑን አይቶ መገመት ይቻላል። መሐሉ ላይ ሌላ ፋይል ተጽፎበት ከሆነ ግን መጠኑ አይነግራችሁም። እህቴ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። አንድ ቀረጻ ላይ አንዲት እናት ስለ ልጅነታቸው እያወሩ ድንገት በዓረፍተ ነገሩ መሐል ንግግሩ ተቆርጦ ኃይለኛ ጩኸት ሆነ። ያ ጩኸት የሌላ ፋይል አካል ነው፤ እንደ ድምፅ ሲነበብ ጩኸት ይሆናል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ የእናትየዋ ድምፅ እንደገና ተመለሰ። እህቴ ማዳመጫውን አወለቀችና ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ሁለት ሳምንት ከተሠራ በኋላ ሂሳቡ ይህ ነው። ከ61 ቀረጻ 52ቱ ሙሉ ተመልሰዋል፣ 6ቱ ተቆራርጠዋል፣ 3ቱ የሉም። ከ78 ጽሑፍ 71ዱ የመጨረሻ ቅርጻቸውን ይዘዋል፣ 5ቱ የተገኙት በአሮጌ ቅርጻቸው ነው፣ 2ቱ ጠፍተዋል። የፈቃድ ቅጾቹ በሙሉ ተገኙ፤ ከፊሎቹ ከድሮ ኢሜይል ላይ። ከጠፉት ሦስት ቀረጻዎች የአንደኛው ባለቤት አርፈዋል። የተናገሩት በጽሑፍ አለ። ድምፃቸው የለም።

ይህን ያህል መመለሱ ትልቅ ዕድል ነው። ዲስኩ ሩብ ያህሉ ብቻ የተያዘ ስለነበር አዲሶቹ ፋይሎች በአብዛኛው ሌላ ቦታ አረፉ። ሞልቶ ቢሆን ኖሮ የምጽፈው ሌላ ታሪክ ነበር።

ቁጥሩ ሳይሆን ጊዜው

ሲንክና ባክአፕ አንድ አይደሉም የሚባለውን እኔም ካወቅኩት ቆይቻለሁ። ለሰውም ተናግሬዋለሁ። እኛ ጋ ግን ባክአፕ ነው ብዬ የሠራሁት ሚረርም ሥራው ያው ሲንክ ነበር። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ፣ በቀን አንዴ የሚሠራ ሲንክ። ሦስቱ ቅጂዎች በተለያየ ቦታ ተቀመጡ እንጂ የሚታዘዙት አንድን ትዕዛዝ ነው። አንዳቸውም "ትናንት እኮ ነበር" የሚሉበት አቅም አልነበራቸውም።

ከዚህ በላይ የቆጨኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ማንም ሲያነሳው ሰምቼ አላውቅም። ፋይል መጥፋቱን እስክታውቁ ስንት ጊዜ ይፈጅባችኋል? በየቀኑ የምትከፍቱት ጽሑፍ ከጠፋ በማግስቱ ታውቃላችሁ። ለሱ 30 ቀን ከበቂ በላይ ነው። ያለቀ ሥራ፣ የተቀመጠ ቀረጻ፣ የድሮ ፎቶ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ቢከፈት ነው። መልሶ ማግኘት የማይቻለው ነገር ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እህቴ ፎልደሩን የፈለገችው ለአንድ ምዕራፍ ጥቅስ አስፈልጓት ነው። ያ ምዕራፍ ባይኖር ኖሮ ምናልባት ከስድስት ወር በኋላ ነበር የምናውቀው፤ ያኔ ዲስኩም ላይ አናገኘውም። እኔ ባክአፑን ሳዘጋጅ ዲስኩ ስንት ጊጋባይት ይይዛል ብዬ አስልቻለሁ። ስንት ቀን ወደ ኋላ ያስታውሳል የሚለውን አላሰላሁም። መልሱ ዜሮ ነበር።

ይህ ሐሳብ በመሣሪያዎቹ ውስጥ ድሮም አለ። የማኩ ታይም ማሽን በ2007 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ያለፈውን 24 ሰዓት በየሰዓቱ፣ ያለፈውን ወር በየቀኑ፣ ከዚያ የቆየውን በየሳምንቱ እያስቀመጠ ነው የጀመረው። ዊንዶውስ 8 በ2012 እ.ኤ.አ. ፋይል ሂስትሪ የሚባለውን ይዞ መጣ። እህቴ ኮምፒውተር ላይም ነበር፤ እኔ አልከፈትኩትም።

ስለ ሎግ ካነሳን፣ በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጊትላብ በተባለው፣ የፕሮግራመሮችን ኮድ በሚያስቀምጠው ድርጅት ላይ የደረሰው ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል፤ ራሳቸው በግልጽ ጽፈውታል። አንድ ባለሙያ በድካም ሰዓት የተሳሳተ ሰርቨር ላይ ሆኖ ወደ 300 ጊጋባይት የሚጠጋ ዳታቤዝ ሰረዘ። ወደ ባክአፑ ሲሄዱ በየዕለቱ መወሰድ የነበረበት የዳታቤዝ ቅጂ አልተገኘም። የፕሮግራሙ ቨርዥን ስላልገጠመ ሥራው ሲከሽፍ ቆይቷል፤ መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። በአጋጣሚ ቀደም ብሎ የተወሰደ ቅጂ ስለነበረ የጠፋው የ6 ሰዓት ያህል ዳታ ነው። የነሱ ባክአፕ ከሽፎ ማንም አልሰማም። የኛ ደግሞ ተሳክቶ ማንም አላነበበውም።

አሁን ያለው አሠራር

ሲንኩን አላጠፋንም። ለሥራ ጥሩ ነው፤ እህቴም ያለሱ መሥራት አትችልም። የለወጥነው እዚያ ውስጥ የሚቀመጠውን ነው። ያለቀ ነገር ከሲንክ ፎልደሩ ይወጣል። ቀረጻዎቹ አሁን ያሉት ዴስክቶፑ ላይ "ማኅደር" የሚባል ለብቻው የሆነ ፎልደር ውስጥ ነው። ላፕቶፑ አያውቀውም። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ "ቦታ አስለቅቅ" የሚለውን አብረን ተለማመድነው። ዴስክቶፑ ላይ ይህ ነገር እንዳይሠራ፣ ሁሉም ፋይል ሙሉውን እንዲቀመጥ አድርገነዋል። አለዚያ ባክአፑ ስሙን ብቻ ሊያገኝ ይችላል።

የማታው ገለበጣ አለ፤ ግን የሚነሳ ፋይል አሁን አይጠፋም። ዲስኩ ላይ ከመስታወቱ ውጭ ወዳለ፣ ቀን ወደተጻፈበት ፎልደር ይዛወራል። አንድ ክሊክ ነበር ለውጡ። ሲንክቲንግ የሚባለውን የማመሳሰያ ፕሮግራም ለሚጠቀሙም ፋይል ቨርዥኒንግ የሚለው ቦታ ላይ ተመሳሳይ ምርጫ አለ፤ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። በአርሲንክ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከዚህ ቁጥር በላይ እንዳትሰርዝ የሚል ገደብ ሊያስቀምጥለት ይችላል። ያ ገደብ 50 ላይ ተቀምጦ ቢሆን የዚያን ሰኞ 163ቱን ሁሉ ጠራርጎ አይሄድም ነበር።

ከዚህ ሌላ ሬስቲክ በሚባል ፕሮግራም የሚሠራ እውነተኛ ባክአፕ ጨመርን። ሬስቲክ ሲሠራ የዚያን ቀን ሙሉ ገጽታ ያስቀምጣል፤ የተደጋገመውን ይዘት ግን አንዴ ብቻ ስለሚያስቀምጥ ቦታ አይፈጅም። 30 የቀን፣ 12 የወር፣ 5 የዓመት ገጽታ እንዲያቆይ ነግረነዋል። አምስቱ ዓመት የመጣው ከዚያ ከ"ስንት ጊዜ ይፈጅባችኋል" ጥያቄ ነው። ሬስቲክ ሁሉንም ይቆልፋል፤ ፓስወርዱ ከጠፋ ማንም አይከፍተውም። ስለዚህ በወረቀት ተጽፎ በሁለት ቦታ ተቀምጧል።

የሬስቲኩ ዲስክ ከሳምንት አንድ ቀን ይሰካል፤ ሲጨርስ ይነቀላል። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. እንደተሰራጨው ዋናክራይ ያለ የቤዛ ቫይረስ ቢገባ የተሰካውን ዲስክ ሁሉ ነው የሚቆልፈው። ያልተሰካውን አያገኘውም።

ሙከራውን ለእህቴ ሰጠኋት። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ራሷ ሦስት ፋይል ትመርጣለች። ከባክአፑ ላይ ወደ ላፕቶፕ ታወጣለች፣ ትከፍታለች፣ ድምፅ ከሆነ መሐሉን ታዳምጣለች። እኔ ብመርጥ የምመርጠው እንደሚሠራ የማውቀውን ነው። በመጀመሪያው ሙከራ አንዱ ፋይል አልተገኘም። የፈቃድ ቅጽ ነበር። ለካ ጊዜያዊ ፋይሎች እንዳይገለበጡ ብዬ የጻፍኩት ማጣሪያ ቅጾቹ ያሉበትን ፎልደር ስም ጨምሮ ይይዛል። ባክአፑ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው "ያለ ስህተት ተጠናቋል" ይል ነበር። ማጣሪያውን አስተካከልነው፤ እንደገና አወጣች፤ ተከፈተ።

ከተቆራረጡት ስድስት ቀረጻዎች ባለቤቶች ለሚችሉት ደውላ አራቱን እንደገና አነጋገረቻቸው። ሁለተኛው ንግግር እንደ መጀመሪያው አይሆንም ትላለች። የተቆራረጡትን ግን አልጣለቻቸውም፤ ከነጩኸታቸው ማኅደሩ ውስጥ አሉ።

የመጨረሻው ለውጥ ትንሽ ነው። በየእሑዱ ኮምፒውተሩ ለሁለታችንም አንድ አጭር ኢሜይል ይልካል። ውስጡ ያለው በዚያ ሳምንት ስንት ፋይል ተጨመረ፣ ስንት ተለወጠ፣ ስንት ተሰረዘ የሚል ሦስት ቁጥር ነው። አረንጓዴ ምልክት የለውም፤ ሆን ብዬ አወጣሁት። ባለፈው እሑድ የተሰረዙት 7 ነበሩ። ስልኩን አንስቼ ልደውልላት ስል ቀድማ ደወለች።

"ሰባቱ የኔ ናቸው" አለችኝ። "አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።"